ቢሻው አረቄ የተወበት ሳምንት

የሸዋረጋ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። የሰበራት ባሏ ቢሻው ነው፤ ጣቷን በበሩና በመቃኑ መካከል ይዞ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ። በማግስቱ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ጋን ስታጥን ዋለች። የጎንደሯ ጠዳ ገበያተኛ እንደሆነ የማንንም ጣት አይጠብቅም፤ ከአዘዞም ይምጣ ከገጠር፣ ጉሮሮው ከደረቀ ሌላው ነገር አይታየውም።

ሸዋረጋ አረቄ አውጪ ነበረች። ስሟ የተነሣው በዳግሟ ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣውን አረቄ መልሳ እሳት ላይ ጥዳ፣ ሁለተኛ በመቃው አውርዳ የምታወጣው ብርቱ አረቄ። ከጉሮሮ ላይ እሳት፣ ከሆድ ሲደርስ ፍቅር ነው ይሉላት ነበር ጠጪዎቿ። ጠጪ መቼም የማይለው የለም።

ቢሻው በልጅነቷ የተዳረችለት ባሏ ነው። ጎጆ በወጡ በዓመቱ ለውትድርና ታፍሶ ሄደ፤ ሞተ ተብሎ ተለቀሰለት፣ ተዝካሩም ተበላ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እግሩ ተልጦ ከሰሜን በእግሩ መጣ። ተዝካሩን የበሉት ሁሉ እጁን ሊጨብጡ መጡ። ሸዋረጋ ሳቀችም አለቀሰችም። በእነዚያ ዓመታት ራሷን ያኖረችው በአረቄ ነበርና ለባሏም ከዚያው ሥራ ሰጠችው፤ እንጨት መፍለጥና መቅመስ።

መቅመሱ እንደ ቀልድ ነበር የተጀመረው። ቢሻው ጠርሙሱን ይነቀንቅና አረፋው ላይ ዶቃ ሲቋጥር ያያል። ዶቃው ቶሎ ካልጠፋ ጥቂት እሳቱ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ የቀረችውን ወደ አፉ ያስጠጋና «ሸጋ ናት» ይላል። ሰውየው አዋቂ ነበር፤ ምላሱ አይሳሳትም። ሸዋረጋም የምትኮራበት ነገር አገኘች። ማታ ሲተኛ የሚጮኸው ጩኸትም ቀነሰለት። ጦርነቱ በሕልሙ እየመጣ ያባንነው ነበር፤ አንድ መለኪያ ጠጥቶ ሲተኛ ግን እስኪነጋ አይገላበጥም። መድኃኒት አገኘሁለት ብላ አምላኳን አመሰገነች። እጇን ዘርግታ የምታጠጣው እሷው ነበረች፤ ይህን ኋላ ስታስበው ራሷን ትወቅስ ጀመር።

አንዷ መለኪያ አልበቃ አለችው። ሁለት ሆነች፤ ቆይቶ መቁጠሩም ቀረ። ጠዋት ሲነሣ እጁ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያስመልሰዋል። አረቄው ሲገባለት እጁ ጸጥ ይላል። ሰው የሚያየው ሲጠጣ ነው፤ ሸዋረጋ የምታየው ደግሞ ሳይጠጣ ነበር፤ የሚያስፈራውም ያኛው ነው። ለደስታ መጠጣት ከተወ ቆይቷል፤ የሚጠጣው እንደ ሰው ቆሞ ለመሄድ ነበር። እህል አስጠላው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ሲነፋ ክንዱ ከሳ። አንድ ቀን ፍም ረግጦ ቆሞ ሲያወራ ሥጋ ሸተታት። እሱ አልተሰማውም፤ እግሩን ጎትታ ስታነሣው «ምነው ትጎትችኛለሽ» ብሎ በጥፊ መታት። የትናንቱን ይረሳል፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ይምላል። ጸጉሯን ይዞ መሬት ለመሬት ሲጎትታት ጎረቤት የሚገባው ጩኸቷ ሲበዛ ነው፤ ኋላ ኋላ ደግሞ ጎረቤቱም ለመደው።

ነገሩ ከቤት የወጣው በ1999 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ነው። ላቀው የሚባል የከብት ነጋዴ ከእነ ሸዋረጋ ቤት ገብቶ ሲጠጣ «የሸሸ ወታደር አረቄ ቀማሽ ሆነ» ብሎ ሣቀ። ቢሻው ተነሣ። ወጥቶ ዱላውን ይዞ ተመለሰና ላቀውን ከተቀመጠበት ፊቱን ገመሰው። ሰውየው ወደቀ፤ ቢሻው ግን አልተወውም፤ ሦስት ሰው አንቆ እስኪያስጥለው ድረስ ቀጠቀጠው። ላቀው አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ወንድሞቹ በዚያው ቀን መሣሪያቸውን ይዘው ከጠዳ መውጫ ተቀመጡ።

ሽማግሌ ተላከ፤ ተለመነ፤ መሬት ተሳመ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁለቱ ወገኖች ተቀመጡ። የካሳው ነገር አላስቸገረም፤ የላቀው ወንድሞች የጠየቁት ሌላ ነበር። ዛሬ ታርቆ ነገ ጠጥቶ ለሚደግም ሰው ምን እርቅ አለው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እናም አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን አንሥተው ቢሻውን ገዘቱት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አረቄ ቢቀምስ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተለየ ይሁን አሉ። የእርቁ ማዕድ የሚቆረሰው በሳምንቱ እሑድ ስለሆነ፣ እስከዚያ ቢሻው ከጠዳ እንዳይወጣ ተባለ። ከወጣ ሸሸ ይባላል፣ እርቁም ይፈርሳል። ዋስ ሲጠሩ ታላቅ ወንድሙ አንዳርጋቸው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«እኔ ዋስ። ቢጠጣም ቢሸሽም በእሱ ፈንታ እኔን ግደሉኝ፤ ደሜም ደመ ከልብ ይሁን» አለ።

ቢሻው የወንድሙን ጉልበት ሳመ። አንዳርጋቸው እንደ አባት ያሳደገው ሰው ነው፤ ወታደር ሲሆን ያለቀሰለት፣ ሲመለስም አዝሎ ቤት ያስገባው እሱ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ ሸዋረጋ ቤት ሄደው ጋኗን በድንጋይ ሰበሩት፤ መቃውን በእግራቸው ረገጡት፤ ድፍድፉ ግቢውን አጥለቀለቀው። ሸዋረጋ ቆማ አየች። አንዲት ጠርሙስ ዳግም ግን ከጎታው እህል ውስጥ ነበረች፤ ለምን እንዳስቀረቻት ቢጠይቋት ራሷም አታውቅም።

ሰኞ ቢሻው ተንቀጠቀጠ። ልቡ ሲመታ ከደረቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ውኃ ሲጠጣ ይመልሰዋል፤ የበሩ ሲጥታ እንኳ ያስደነግጠዋል። ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ «አይዞህ፣ ሰይጣኑ ሲወጣ ነው» ይለዋል። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከመደቡ ለመነሣት ሲል ጥርሱ ገጠመ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ተለጠጠ። ወድቆ መሬቱን በራሱ ቀጠቀጠው። ምላሱን ነክሶ ነበርና ደሙ ከአረፋው ጋር በአገጩ ወረደ። ሸዋረጋ ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሲስተር ዓይናለም ናት፤ ከጎረቤት ግቢ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ጎንደር ሆስፒታል ከአእምሮ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ልጅ። በጎኑ አስተኝታ፣ አፉን ጠርጋ፣ እስኪረጋ ጠበቀችና ወደ ሸዋረጋ ዞረች።

«መቼ ነው መጠጥ ያቆመው እትዬ ሸዋረጋ?»

«እሑድ። አባ ገዝተውት ነው።»

«አሁኑኑ ጎንደር ይሂድ። ይህ ሰይጣን አይደለም።»

አንዳርጋቸው ተቆጣ። «ሰይጣን ካልሆነ ምንድን ነው? ሲጠጣ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«ለዚያ እኮ ነው አያ አንዳርጋቸው» አለች ዓይናለም። «በር ያስቡ። ከውጭ አንድ ሰው ይገፋል፤ ያ አረቄው ነው። አንጎልን እየተጫነ ያፈዝዘዋል። አንጎል ደግሞ ዝም ብሎ አይጫንም፤ እንዳያንቀላፋ ከውስጥ ሆኖ መልሶ ይገፋል። በየዓመቱ ሁለቱም ጉልበት አወጡ። እሑድ የውጭውን ሰው ድንገት አነሣችሁት። የውስጡ ምን ይሆናል?»

«በፊቱ ይደፋል» አለች ሸዋረጋ።

«ተደፋ። ያያችሁት እሱን ነው። ነገ ደግሞ ይብሳል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ዘመዱን አይለይም፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ሆስፒታል የውስጡን ሰው ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አለ፤ እየቀነሱ ይሰጡታል።»

«መድኃኒቱ ያፈዝዛል?» አለ አንዳርጋቸው።

«ያረጋጋዋል።»

«እንግዲያ አረቄ በክኒን ሆኖ መጣ በይኝ። እሱስ ይሁን፣ አባን እጠይቅ ነበር። ከጠዳ ቢወጣ ግን መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ሸሸ ነው የሚሉት። እስከ እሑድ ይታገሥ።»

ዓይናለም አልተወችውም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። እነሱም በትሕትና አስቀመጧት፣ በትሕትና ሰሟት፣ ከዚያም ይህን ያህል የቆየ ሰው እስከ እሑድ አይሞትም ብለው በትሕትና ሸኟት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እርቁን እንደ እንቁላል ይዘውት ነበርና ለሌላ ነገር የሚዘረጉት እጅ አጡ እንጂ። ይህን የማወራው እኔ ግን እስከ ዛሬ ስለ እነሱ ስናገር ደሜ ይፈላል። አንድ ሰው ልከው ለላቀው ወንድሞች «ታሞ ነው፣ አብረን ወስደነው አብረን እንመልሰዋለን» ማለት ምን ገደዳቸው? ሁለት ቤት ለማዳን ተሰብስበው አንዱን ቤት ረሱት።

ከሰዓት በኋላ ቢሻው ግድግዳውን መቧጨር ጀመረ። ጉንዳን ወረረኝ ብሎ ቆዳውን እስኪደማ ላጠው። አንዳርጋቸው የአህያ መጫኛ አምጥቶ እጁንና እግሩን ከመደቡ ጋር አሰረው፤ ሲያስረው ያለቅስ ነበር። ከዚያ አባን ሊጠራ ወጣ።

ሸዋረጋ ብቻዋን ስትቀር ጎታው ዘንድ ሄዳ ክንዷን እህሉ ውስጥ አስገባች። ጠርሙሷን አወጣች። መለኪያውን ሞላችና ከመደቡ አጠገብ ተንበረከከች። አንድ ጉንጭ ብትሰጠው መንቀጥቀጡ እንደሚቆም ታውቃለች፤ ስንት ጠዋት አይታዋለች። ግዝቱን የምትሰብረው እሷ ትሁን፣ ሲኦልም ከሆነ እሷ ትግባ ብላ ቆርጣ ነበር።

ሽታው ሲደርሰው ቢሻው ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ራሱን ችሎ ወደ መለኪያው ተዘረጋ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገተረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጥርሱን ነከሰ።

«ውሰጅልኝ» አለ።

«ትሞታለህ እኮ ቢሻው።»

«አያ አንዳርጋቸውን ታስገድዪብኛለሽ? ውሰጅልኝ ብያለሁ።»

ሸዋረጋ ሁለተኛ አልለመነችውም። አረቄውን ደጅ አፈሰሰችው፤ ጠርሙሱንም ጭምር። በዚያች ሰዓት ባሏን ወደደችው። ከሰሜን በእግሩ መጥቶ በር ላይ ከቆመበት ቀን ወዲህ እንዲያ ወድዳው አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ዓይናለም ለሥራ ጎንደር ሄዳ ነበር። አባ ወልደኢየሱስ መጥተው ጸሎት አድርሰው፣ ጠበል ረጭተው ሄዱ። ቢሻው መስቀሉን ተሳለመ፤ ድምፁም ለስልሶ ነበር። መጫኛው የታሰረበት እጁ አብጦ ጠቁሯል። አንዳርጋቸው ሲያየው አላስቻለውም።

«ወንድሜን እንደ አህያ አስሬ!» አለና ይፈታው ጀመር።

«ተው አያ አንዳርጋቸው፤ ሲስተር ዛሬ ይብስበታል ብላለች» አለች ሸዋረጋ።

«ሽንቱን ደጅ ይሽና እንጂ፤ ሰው አይደለም?»

ደግፎ አወጣው። ፀሐይ ወጥታ ግቢው ሞቆ ነበር። ቢሻው ወደ አጥሩ እያየ የወንድሙን ክንድ ጨበጠ።

«ድምፅ አታሰማ» አለ በሹክሹክታ። «ላቀው መጥቷል። ብዙ ነው። ሁሉም አንድ ዓይን ነው።»

«ማንም የለም፣ ወንድሜ።»

ቢሻው ዞር ብሎ አየው። ሸዋረጋ በር ላይ ሆና የባሏን ፊት አየች፤ የሚያየው አንዳርጋቸውን አልነበረም። እግሩ እንኳ የማይሸከመው ሰው በአንድ ዝላይ እንጨቱ ክምር ጋ ደረሰና ምሳሩን ይዞ ተመለሰ። ያን ሰሞን ከቤቱ ውስጥ ዱላውን ሸሽገዋል፣ ቢላውን ሸሽገዋል፤ ለአረቄው ማገዶ የሚፈለጥበትን ምሳር ግን ጋኑ ከተሰበረ ወዲህ ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው የአንዳርጋቸውን ትከሻ ከፈለው። አንዳርጋቸው ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር፤ አልሮጠም። ደህና እጁን ዘርግቶ «ቢሻው፣ እኔ ነኝ» አለ። ሁለተኛው አንገቱ ላይ አረፈ። ጋቢው በአንድ ጊዜ ቀላ። ቢሻው ምሳሩን ሦስተኛ ሲያነሣ ሸዋረጋ ዘነዘናውን ይዛ ደርሳ ነበር፤ ባላት ኃይል ክንዱ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ምሳሩ ወደቀ፤ እሱ ግን በተሰበረው ክንዱ ሊያንቃት መጣ። ጉልበቱን ደገመችው። ወድቆም ሊነክሳት ሲል ያ የትናንቱ መንዘፍዘፍ ያዘውና መላ ሰውነቱ ይንፈራገጥ ጀመር። ሸዋረጋ ዘነዘናውን ጥላ ወደ አንዳርጋቸው ሄደችና አንገቱን በነጠላዋ፣ በእጇ፣ በጉልበቷ ጭምር ጫነችው። ደሙ በጣቶቿ መካከል ሞቅ ብሎ ይወጣ ነበር።

ጎረቤቶች ደርሰው ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ሚኒባስ ጫኗቸው፤ አንዱን አስረው፣ አንዱን በጋቢው ጠቅልለው። የላቀው ወንድሞች ከጠዳ መውጫ ተቀምጠው ነበር። ደሙን አይተው መንገዱን ለቀቁ፤ እንዲያውም አንደኛው በር ይዞ ተሳፍሮ የአንዳርጋቸውን ራስ ደገፈ። ለመውጣት ያን ያህል የተፈራው መንገድ ክፍት ነበር ማለት ነው። አንዳርጋቸው አዘዞ ሳይደርሱ ሞተ።

ሆስፒታል ውስጥ ቢሻውን የተቀበለችው ዓይናለም ናት። መርፌውን ወጋችው፣ ግሉኮስ ሰቀለችለት፣ ቫይታሚንም ጨመረችለት። ዶክተሩ ሆዱን ዳብሶ ጉበቱ እንደ ድንጋይ መጠንከሩን ለሸዋረጋ ነገራት። የእግሩ ነርቭ ሞቷል፤ የማስታወስ ነገሩም እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል አለ። ፖሊስ መጥቶ ደህና እጁን ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና አያያዘው። ቢሻው ጮኸ፣ ተራገመ፣ ለሌለ አዛዥ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ መድኃኒቱ እየያዘው ሄደ። ሸዋረጋ አንዳርጋቸውን ለመቅበር ጠዳ ወርዳ ተመለሰች። ላቀው ዓይኑ በፋሻ እንደ ተሸፈነ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሽማግሌዎቹም መቃብሩ ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ቢሻው ጠብታ አልቀመሰም፣ አልሸሸም፣ ዋሱም አላፈረም፤ እርቁ ጸንቷል አሉ።

እሑድ ቀትር ላይ ቢሻው ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ግን የሚያያትን ያውቃል። እጁም አይንቀጠቀጥም።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለ።

«እሑድ።»

«እርቁስ?»

«ጸንቷል» አለች ሸዋረጋ።

ፊቱ በራ። «ተመስገን። ታዲያ አያ አንዳርጋቸው ምነው አልመጣ?»

ዓይናለም ከዕቃ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ነበር፤ ለሸዋረጋ በዓይኗ ዛሬ አይሆንም አለቻት። ሸዋረጋ ግን ካቴናውንም የተሰበረውን ክንዱንም ሲያያቸው አየችው። ሌላ ሰው ከሚነግረው እሷ ትንገረው። ሳታለቅስ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ከምሳሩ እስከ መቃብሩ ነገረችው። ቢሻው መሐል ላይ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጣራውን አየ።

«ሰክሬ ነበር?» አለ።

አዎ ብትለው ከራሱ ይልቅ የሚጠላው አረቄ ታገኝለታለች። ግን ዋሱን ማዋረድ ይሆናል፤ የሞተውም ሰው ይሰማታል።

«አልጠጣህም» አለችው። «እስከ መጨረሻው ጠብቀህለታል። ያን መለኪያ እንኳ መለስከው፤ ትዝ ይልሃል?»

«ትዝ ይለኛል።»

በሩን ተደግፎ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መለሰ። ቢሻው ወደ ሸዋረጋ ዞረ፤ ካቴናው ብረቱ ላይ ተንሸራተተ።

«እንግዲያ ምነው በግድ ያላጠጣሽኝ?» አላት።

ሸዋረጋ ብርድ ልብሱን የተሰበረውን ክንዱን ሳትነካ እስከ ደረቱ ሳበችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።